70 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ ሰጥተውናል፤ ትምህርት ቤቱ ግን እንዴት ነው?

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። ትምህርት ቤቱ ከአምስት ሦስት ተኩል። የቅበላ ቢሮው መጀመሪያ ሁለት፣ ኋላ ላይ አራት። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው አንድ ተኩል፤ እሱንም ለማኅተሙ ውበት ነው የሰጠሁት።

ስሙን አልጠራም። ኬንያ ያለ አዳሪ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው፣ ይበቃል። ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ልጅቷም እዚያው ልትገባ ትችላለች፣ «ያቺ አጎቷ የጻፈባት» ተብላ እንድትጀምር አልፈልግም። ስሙ ባይጠቀስም የምለው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ ጅማ ተቀምጦ፣ ግቢውን ሳያይ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ያው ነው።

ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ ይበልጣል፣ ማመልከቻውንም የሞላችው ራሷ ናት። ደብዳቤው የመጣ ቀን አባቷ አልሐምዱሊላህ አለ፣ እናቷ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች፣ ቆጪ ሰፈር ያሉት አክስቶች ሳይቀሩ ደወሉ። እኔን የጠሩኝ «ኢንተርኔት ይችላል» በሚለው ማዕረጌ ነው። «አንተ እስቲ እየው፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው አይደል?» አለችኝ እህቴ። አዎ እንድላት ብቻ ነበር የፈለገችው።

ደስታቸው ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያን ጊዜ የነበረውን ድንጋጤ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ አቅም ያለውም የሌለውም ወላጅ ለልጁ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። «ስኮላርሺፕ» የሚል ደብዳቤ ቤት ሲገባ ታዲያ ማንም ጥያቄ መጠየቅ አይፈልግም፣ የሚጠይቀውም ሰው ምቀኛ ይመስላል። እኔም ለትንሽ ጊዜ ምቀኛ ሆኜ ነበር የከረምኩት።

ያገናኘን እዚሁ ከተማ ውስጥ ቢሮ ያለው አንድ ኤጀንት ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ስልክ ያነሳል፣ ሻይ ይጋብዛል። ግን ስለ ትምህርት ቤቱ የጠየቅኩትን ሁሉ የመለሰልኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ነው»። በማን? «በዓለም አቀፍ ደረጃ»። እሺ። ብዙዎቹ ኤጀንቶች ከትምህርት ቤቱ ኮሚሽን እንደሚያገኙ እወቁ። ይሄ ወንጀል አይደለም፣ ሥራቸው ነው። ግን የሚሸጥልህን ሰው የዕቃውን ጥራት መስካሪ አድርገህ አትወስድም። ለፎርም መሙላትና ለሰነድ ማስተርጎም አራት ኮከብ፣ ለምክር ዜሮ።

ስለዚህ ራሴ ገባሁበት። የመጀመሪያው ሥራ ትምህርት ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ የለጠፋቸውን አርማዎች አንድ በአንድ ወደ ባለቤቶቻቸው ወስዶ መጠየቅ ነው። ይሄ ነፃ ነው፣ በስልክም ይሠራል፣ ካልተሠራ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

የኛው ትምህርት ቤት ለታችኞቹ ክፍሎች የካምብሪጅን አይጂሲኤስኢ የሚባል ፈተና፣ ለ11ኛና ለ12ኛ ደግሞ አይቢ ዲፕሎማ ይሰጣል። አይቢ የሚባለው፣ ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጀው ድርጅት በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተቋቋመ ነው፣ በድረ ገጹም ላይ ፈቃድ የሰጣቸው ትምህርት ቤቶች በአገርና በስም ይፈለጋሉ። አገሩን መርጠህ ስሙን ትጽፋለህ፣ የትኛውን ፕሮግራም ከመቼ ጀምሮ እንዲያስተምር እንደተፈቀደለት ይመጣልሃል። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አምስት ኮከብ። የኛው ለዲፕሎማው ፈቃድ አለው፣ ያውም የቆየ። ነገር ግን ድረ ገጹ ላይ በኩራት የለጠፈው የመካከለኛ ክፍሎች ፕሮግራም ገና «እጩ» ነው። እጩ ማለት አመልክቷል፣ እየተዘጋጀ ነው፣ ሊፈቀድለትም ላይፈቀድለትም ይችላል ማለት ነው። ለእህቴ ልጅ ይሄ ለውጥ የለውም፣ የምትገባው ዲፕሎማ ነው። ግን 7ኛ ክፍል ልጅ የምትልኩ ከሆነ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። እጩነትን ከፈቃድ ጋር አደባልቆ የሚለጥፍ ትምህርት ቤት ሌላ ምን እንደሚያደባልቅ መጠርጠርም ተገቢ ነው። ግማሽ ኮከብ ያስቀነስኩት እዚህ ላይ ነው።

ካምብሪጅን በተመለከተ ቤታችን ውስጥ የተፈጠረውን ልንገራችሁ። ኤጀንቱ «ካምብሪጅ ስኩል ነው» ሲል አባቷ የሰማው ሌላ ነገር ነው። በማግስቱ ኸርማታ መርካቶ ውስጥ «ልጅቷ ካምብሪጅ ገባች አሉ» የሚል ወሬ አገኘሁ። የፈተና ድርጅቱ የእውነትም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ፈተናዎቹን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ግን ከ160 በላይ በሆኑ አገሮች ውስጥ ከ10,000 በላይ ናቸው። የተመዘገበ የፈተና ትምህርት ቤት መሆን ጥሩ ነገር ነው፣ ፈተናው ዋጋ አለው፣ ውጤቱም ሌላ አገር ይሠራል። መምህሩ ጎበዝ መሆኑን ግን አይነግርህም። ዝርዝሩ ላይ ስሙ መኖሩን ብቻ አረጋግጦ ማለፍ ነው።

ሦስተኛው አርማ ሲአይኤስ የሚባለው የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ነው። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። የዚህ ምክር ቤት «አባል» መሆንና በምክር ቤቱ ተገምግሞ «አክሬዲትድ» መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክሬዲቴሽን ሲባል ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ሪፖርት ያቀርባል፣ ከውጭ ቡድን መጥቶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ያያል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይደገማል። ኒያስክ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅትም በ1885 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የኛው ትምህርት ቤት አባል ነው። አክሬዲትድ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ግን «ዕውቅና» ብሎ ነው የጻፈው።

እግረ መንገዴን ልበል፦ ትምህርት ቤቱ ዱባይ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ልፋት ይቀርልኝ ነበር። እዚያ ኬኤችዲኤ የሚባለው የመንግሥት ባለሥልጣን የግል ትምህርት ቤቶችን ሲመረምር ቆይቶ ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» እስከ «በጣም ደካማ» በስድስት ደረጃ ውጤታቸውን ለሕዝብ አውጥቷል። ሪፖርቱን ማንም ሰው ያነባል። ልጅ ወደዚያ የምትልኩ ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አንብቡ፣ በተለይ ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያይታችሁ።

የጉግል ኮከቦችን በተመለከተ ብዙ አላወራም። 4.6 ነበረው። አስተያየቶቹን በቀን ስደረድራቸው ብዙዎቹ ባለ አምስት ኮከቦች አንድ ሰሞን የተጻፉ፣ ጸሐፊዎቹም ከዚያ በቀር ሌላ ምንም ያልጻፉ ሆነው አገኘኋቸው። «አስደናቂ ትምህርት ቤት፣ ምርጥ መምህራን» ይላሉ። የትኛው መምህር? የምን ትምህርት? የለም። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ኮከቦቹን አንብቡ፣ ሰው እውነቱን የሚናገረው እዚያ ነው። አንዷ እናት ሒሳብ መምህር በዓመቱ አጋማሽ እንደተቀየረ ጽፋለች። ይችን ያዝኳት።

መምህራን ስለ ቀጣሪዎቻቸው የሚጽፉባቸው ገጾችም አሉ። ኢንተርናሽናል ስኩልስ ሪቪው የሚባለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሙሉውን ለማንበብ ግን አባልነት ይከፈላል። ከኢትዮጵያ በካርድ መክፈል ያለውን መከራ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ ያለ ወዳጄ ከፍሎ አነበበልኝ። እነዚህን ገጾች ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። ተቆጥቶ የወጣ መምህር ብዙ ይጽፋል፣ ደስ ብሎት የሚሠራው ዝም ይላል። ስለዚህ ምሬቱን ትቼ የምፈልገው የሚደጋገም ነገር ነበር። ደመወዝ ይዘገያል ወይ? ርዕሰ መምህሩ በየስንት ዓመቱ ይቀየራል? መምህራን ውል ሳይጨርሱ ይሄዳሉ ወይ? ደመወዝ የሚያዘገይ ትምህርት ቤት የስኮላርሺፕ ተማሪውን ወጪ ችላ ማለቱ አይቀርም፣ ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ያ ነው። የኛው ትምህርት ቤት ደመወዝ በጊዜው ይከፍላል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በአራት ዓመት ሦስት ርዕሰ መምህር መቀየሩ ግን ደስ አላለኝም።

ከሁሉም የበለጠ መረጃ ያመጣችው ራሷ ልጅቷ ናት። እኔ ሊንክድኢን ላይ የቀድሞ ተማሪዎችን ስፈልግ፣ እሷ ኢንስታግራም ላይ ገብታ አሁን እዚያ የምትማር ኢትዮጵያዊት አገኘች። በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ በለጠፈችው ፎቶ ነው ያገኘቻት። ሁለቱ ሲያወሩ እኔ አልገባሁበትም፣ አዋቂ ሲኖር ልጆች በጨዋ ደንብ ነው የሚያወሩት። በኋላ የነገረችኝ ግን በየትኛውም ብሮሹር ላይ አይገኝም። የሒሳቡ መምህር ነገር እውነት ነው፣ አሁን ግን የተሻለ መጥቷል። ስልክ ማታ ይሰበሰባል። ቤተ ሙከራው ጥሩ ነው። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ ነርስ የለውም። ምግብ ሐላል ነው፣ በረመዳን ደግሞ የሚጾሙ ልጆች የሱሑር ምግባቸውን ማታ ከወጥ ቤት ይዘው ይገባሉ፣ ለኢፍጣርም ሰዓቱ ይጠበቅላቸዋል። እህቴ ይህን ስትሰማ ከስኮላርሺፑ የበለጠ ደስ አላት። ትምህርት ቤቱ ድረ ገጹ ላይ ስለዚህ አንዲት መስመር አልጻፈም፤ የፈረስ ግልቢያ ፎቶ ግን አለው።

አሁን ወደ ውጤት። እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ ይታለላል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የአይቢ ዲፕሎማ ከ45 ነው የሚታረመው፣ ለማለፍ ቢያንስ 24 ያስፈልጋል፣ የዓለም አማካይ ውጤት ደግሞ 30 አካባቢ ነው። የኛው ትምህርት ቤት «አማካያችን 34» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ጥሩ ይመስላል። ግን 34 የማን አማካይ ነው? ትምህርት ቤቶች ደከም ያሉ ተማሪዎቻቸውን ሙሉውን ዲፕሎማ ትተው ነጠላ ትምህርቶችን ብቻ እንዲፈተኑ ማድረግ ይችላሉ። እነዚያ ልጆች ከዲፕሎማው አማካይ ውጭ ይሆናሉ፣ አማካዩም ከፍ ይላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሦስት ቁጥር ነው፦ ፕሮግራሙን ስንት ልጅ ጀመረ፣ ሙሉውን ዲፕሎማ ስንት ልጅ ተፈተነ፣ ስንቱ አለፈ። ደግሞ የአንድ ዓመት አይበቃም፣ የሦስት ዓመት ይሁን። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ አማካዩን ብቻውን ይሸከመዋል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ዝርዝርም እንደዚሁ ነው። «ተማሪዎቻችን ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት አግኝተዋል» ብሎ ሰላሳ አርማ የሚደረድር ትምህርት ቤት አለ። አንዲት ልጅ ለአሥራ ሁለት ቦታ አመልክታ ሁሉም ቢቀበሏት አሥራ ሁለት አርማ ትሆናለች፣ የምትሄደው ግን አንድ ቦታ ነው። ምናልባትም ገንዘብ አጥታ የትም አልሄደችም። የገቡበትን ጠይቁ። ስኮላርሺፕ ላይ የነበሩት ልጆች የት እንደገቡ ደግሞ ለብቻው ጠይቁ።

እኛ ጅማ ሰዎች ይህን መረዳት አይከብደንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ጤና ትምህርት ስሙ የወጣው ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ወረዳና ቀበሌ ድረስ በሚልክበት የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ፣ ከዚያም በየጤና ጣቢያው በሚያገለግሉት ምሩቃኑ ነው። ፌሬንጅ አራዳ ላይ የተሰቀለ ቢልቦርድ ስም አላወጣለትም። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች የት እንዳሉ ካላወቅህ፣ ትምህርት ቤቱን አታውቀውም።

ለማነጻጸሪያ ያህል አህጉራችን ላይ ታሪካቸው በአደባባይ ያለ ትምህርት ቤቶችን አየሁ። ዋተርፎርድ ካምላባ ስዋዚላንድ፣ የዛሬዋ ኤስዋቲኒ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በመቃወም ጥቁሩንም ነጩንም አንድ ላይ ለማስተማር ነው፣ የማንዴላ ልጆችም ተምረውበታል። አሁን ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ የሚባለው ቡድን አባል ነው። የቡድኑ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት በ1962 ዌልስ ውስጥ ተከፈተ፣ ዛሬ ታንዛኒያም ውስጥ አሩሻና ሞሺ ላይ አለው። ተማሪ የሚመረጠው በየአገሩ ባለ ኮሚቴ በኩል ነው። ሞምባሳ ላይ ከ2003 ጀምሮ ያለው አጋ ካን አካዳሚም፣ ጆሃንስበርግ ላይ በ2008 ሥራ የጀመረው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚም አሉ። እነዚህን ያነሳሁት ሁሉም ሰው ይግባ ለማለት አይደለም፣ ውድድሩ ከባድ ነው። ግን አንድ ትምህርት ቤት ራሱን ከእነሱ ተርታ ሲያስቀምጥ የምትለካበት ሜትር ይኖርሃል። 9ኛና 10ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ኤጀንት ከመፈለግ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

ደብዳቤው። አንድ ተኩል ኮከብ ያገኘው ደብዳቤ።

«70 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ» ይላል በደማቁ። የምኑ 70? ታች በትንሹ «የትምህርት ክፍያ» ይላል። አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የትምህርት ክፍያው ከወጪው ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነው። የኛን ትክክለኛ ቁጥር አልጽፍም፣ ግን እንበል ትምህርቱ በዓመት 15,000 ዶላር፣ ማደሪያውና ምግቡ 8,000 ቢሆን፣ ድምሩ 23,000 ነው። ከ15,000ው 70 ፐርሰንት ሲነሳ 4,500 ይቀራል፣ 8,000ው እንዳለ አለ፣ በጠቅላላ 12,500 ዶላር ከቤተሰብ ይጠበቃል። ቅናሹ እንግዲህ 46 ፐርሰንት እንኳ አልሞላም። እሱም የፈተና ክፍያ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ዩኒፎርም፣ ላፕቶፕ፣ የተማሪ ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት ሳይገባ ነው።

በብር ደግሞ አስቡት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ያ 12,500 ዶላር 712,500 ብር ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብቻ ብናሰላው እንኳ 1,250,000 ብር ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ነው የምትማረው። በሁለተኛው ዓመት ብሩ የት እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በዶላር ተጽፎ በብር የሚከፈል ነገር ላይ ቤተሰብ ትርፍ አቅም ከሌለው፣ 70 ፐርሰንት የሚለው ቁጥር መሐል መንገድ ላይ ልጅቷን ይዞ ሊቆም ይችላል።

አባቷ ቡና አቅራቢ ነው። ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ የጅማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ትምህርት ቤቱ ሒሳቡን የሚፈልገው ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ጊዜ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ነው። ለቀማው ጥቅምት አካባቢ ነው የሚጀምረው፣ ገንዘቡ እጅ የሚገባው ከኅዳር በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ የሚከፍል የቡና ሰው ተበድሮ ነው የሚከፍለው። ኤጀንቱ ይህን ሳይነግረን የመቀመጫ ማስያዣ ቀብዱን በቶሎ ክፈሉ እያለ ያዋክበን ነበር። ቀብዱ ይመለሳል ወይ ስንለው «ብዙ ጊዜ አዎ» አለ። ወረቀቱ ደግሞ አይመለስም ይላል።

እዚህ ላይ ነው ለቅበላ ቢሮው በቀጥታ የጻፍኩት። ልጅቷ እንግሊዝኛውን አስተካከለችልኝ። ጨዋ ኢሜይል ነው፣ ግን ልቅም ያለ። 70 ፐርሰንቱ ለሁለቱም ዓመት ይሠራል ወይ? የትምህርት ክፍያው ቢጨምር ቅናሹ አብሮ ይጨምራል ወይስ በዶላር ተቆርጦ ይቀራል? ለማስቀጠል ስንት ነጥብ ይጠበቅባታል፣ ብትወርድ ወዲያው ይነሳል ወይስ አንድ ዕድል ይሰጣታል? ታማ ብታቋርጥ የተሰጣትን መልሱ ትባላለች? ክፍያውን በሦስት ከፍሎ፣ ትልቁን ታኅሣሥ ላይ ማድረግ ይቻላል? የሦስት ዓመት ውጤት፣ ከላይ ባልኩት መልኩ። አንድ ሌላም ጨመርኩ፦ አማርኛን እንደ ራሷ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ መፈተን ትችላለች ወይ? አይቢ መምህሩ በሌለበት ቋንቋ ልጁ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ የራሱን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ የሚፈተንበት አሠራር አለው፣ አማርኛም ከነዚያ ውስጥ ነው። ይህን ጥያቄ የጨመርኩት ተንኮል አስቤ ነው። ፕሮግራሙን ከልብ የሚያውቅ ሰው ይመልሰዋል፣ ብሮሹር የሚበትን ሰው ግራ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ ብሮሹር ነበር። ከነፈረሱ። ሁለት ኮከቡ ለዚያ ነው። እህቴ «አንተ ደግሞ ነገር ስታበዛ ዕድሏን ታስነሳባታለህ» ብላ ተቆጣችኝ። ፍርሃቷ ይገባኛል፣ ግን ጥያቄ ስለተጠየቀ ስኮላርሺፕ የሚያነሳ ትምህርት ቤት ካለ ልጅ ሳይላክበት መታወቁ ይሻላል። ያንኑ ኢሜይል እንደገና ላክሁ፣ «እባካችሁ በጽሑፍ፣ ጥያቄ በጥያቄ» የሚል መስመር አክዬ።

ከዚያ የዲፕሎማው አስተባባሪ ራሷ በዋትሳፕ ደወለች። የልጅቷም አባት ነበረ፣ ልጅቷ እየተረጎመችለት። ሴትየዋ ስለ አማርኛው ስንጠይቃት አልተደናገጠችም፣ ከዚህ በፊት ሌላ ተማሪ እንዳደረገው፣ መጻሕፍቱን ግን ቤተሰብ ማቅረብ እንዳለበት ነገረችን። የ34ቱን ነገርም አልሸሸችም። ካለፈው ዓመት ልጆች ወደ ሩብ የሚጠጉት ሙሉውን ዲፕሎማ እንዳልተፈተኑ በግልጽ ተናገረች፣ ምክንያቱንም አስረዳች። አየህ፣ 34ቱ በድንገት ትንሽ ቁጥር ሆነ፣ እኔ ግን ትምህርት ቤቱን የበለጠ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። መጥፎውን ቁጥር በራሱ አፍ የሚነግርህ ሰው ጥሩውን ሲነግርህ ትሰማዋለህ። ቢሮው ከሁለት ወደ አራት የወጣው በሷ ነው።

ከጥሪው በኋላ የተሻሻለ ደብዳቤ መጣ። ቅናሹ በፐርሰንት ሆኖ ለሁለቱም ዓመት እንደሚጸና ተጽፏል፣ ክፍያውም በሦስት ተከፍሏል። ትልቁ ክፍያ ታኅሣሥ አልሆነም፣ ኅዳር መጨረሻ ነው፣ አባቷ «ይሁን፣ ኅዳርን እንታገለዋለን» ብሏል። ቀብዱ አሁንም አይመለስም፣ ቪዛና ፈቃድ ከተከለከለች ብቻ ይመለሳል። ማደሪያው ላይ ምንም አልቀነሱም። ሦስት ተኩል ያልኩት እንዲህ ተሰልቶ ነው፤ ሒሳቡ ከባድ ነው፣ ሰዎቹ ግን የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

ሁለት የቢሮ ጉዳይ ላንሳ፣ ቶሎ ልለፋቸው። ዶላሩን የምትገዙበትን ባንክ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ የቅበላ ደብዳቤውና የክፍያ መጠየቂያው በትምህርት ቤቱ ስም ባለ አካውንት መሆን አለበት፤ በግለሰብ ስም ላክ የሚል ካለ እዚያው ቁሙ። ልጁ ተምሮ ወደ አገር ከተመለሰ ደግሞ ማስረጃው የአቻ ግምት ስለሚያስፈልገው፣ የ10ኛ ክፍሉን ጨምሮ ዋናዎቹን ሰነዶች ሳይሄድ አረጋግጣችሁ ኮፒ ቤት አስቀሩ።

እኛ ያልፈታነው አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ በየመንፈቁ መሐል ለአንድ ሳምንት ያህል ማደሪያውን ይዘጋል። ለዚያ ሳምንት ልጅቷን ወደ ጅማ ማምጣት ትኬቱ አይቻልም፣ ትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጀው አሳዳሪ ቤተሰብ ደግሞ በቀን ያስከፍላል፣ እህቴም የማታውቀው ቤት ልጇ አታድርም ብላለች። ናይሮቢ ልጅ አስተምራችሁ ይህን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፋችሁት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በተለይ ለሴት ልጅ።